እትዬ ታንጉትን የዘለለው ማሽን

ኅዳር ፱
ቡሬ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዋለ። የገበሬዎች ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ይርሳው ሁለት ፋይል ሰጡኝ። አንዱ መሬት ያላቸው አባላት፣ ሌላው የመስኖውን ቦይ የቆፈሩ። በሁለቱም ላይ ያለ ሰው የስንዴ ዘር ያገኛል። ስሞቹ በፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው ተባልሁ። ጥሩ... ቀላል ነው። በፓይተን ፕሮግራም ጽፎ ሁለቱን ጎን ለጎን ማውረድ፤ ስሙ ከገጠመ መያዝ፣ ካልገጠመ በተራ የሚቀድመውን ማሳለፍ። ከምሳ በፊት ጨረስሁ።

ኅዳር ፲፩
የዘር ተቀባዮቹ ዝርዝር ማኅተም ተመቶበት በር ላይ ተለጠፈ። ወደ ዞኑም፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሪፖርት ተላከ። እንዲህ ቶሎ? አንድ ሰው እንኳ አላነበበውም። እኔም።

ኅዳር ፲፫
እትዬ ታንጉት መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቦዩ ላይ ከወንዶቹ እኩል ሲቆፍሩ ያየኋቸው ሴት። ስማቸው የለም። "ልጄ፣ ሞቼ ይሆን እንዴ?" አሉኝ። ሊስቁ ነበር... አልሳቁም። ዘሩን ካላገኙ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሊሰጡት ነው።

አቶ ይርሳው ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም። ጥርሳቸውን በስቴኪኒ እየጎረጎሩ፣ "ማሽን የወሰነውን ሰው አይሽረውም፣ እናቴ" አሉ።

ኅዳር ፲፬
ዝርዝሩ ላይ የወጡትን ስሞች አየኋቸው። በአ፣ በገ፣ በጠ፣ በፈ የሚጀምሩ ብቻ! ይኼ ምን ዓይነት ዕጣ ነው? የቆፋሪዎቹን ስም የመዘገቡት መሪጌታ ያረጋል ናቸው፤ ሄጄ ጠየቅኋቸው። በተራ ነው የጻፍሁት አሉ። እውነታቸውን ነው... አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ የኔታቸው እንዳስተማሯቸው። ሌላው ፋይል ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። የኔ ጉድ ፕሮግራም ሁለቱም በአንድ ተራ የሚሄዱ መስሎት ሰው ሲዘል ኖሯል። ሳላይ ያመንሁት ደግሞ እኔ። ቱ!

ኅዳር ፲፭
ሁለቱንም በአንድ ተራ ደርድሬ እንደገና አስኬድሁት። የጠፋው ሁሉ ተመለሰ፣ እትዬ ታንጉትም። ለአቶ ይርሳው ነገርኋቸው። ማኅተም ተመቷል፣ ሪፖርት ሄዷል፣ ለከርሞ እናስተካክላለን አሉኝ። ለከርሞ! የሰው ማሳ ጦም ይደር? አስጠሉኝ... ስቴኪኒያቸውም፣ ማኅተማቸውም፣ በየስብሰባው "ዲጂታል" ማለታቸውም።

ኅዳር ፲፮
ማልጄ ገባሁ። አዲሱን ዝርዝር ከአሮጌው አጠገብ ለጠፍሁት፣ ያለ ማኅተም። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ ጮክ ብሎ አነበበ። ስማቸው ሲጠራ እትዬ ታንጉት ጆንያቸውን ይዘው መጋዘኑ በር ላይ ሄደው ቆሙ። ሌላውም ከኋላቸው ተሰለፈ።

አቶ ይርሳው እየተንደረደሩ መጡ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ይኼን ማን ወሰነው ብለው ጮኹብኝ።

"ማሽኑ ነው ጋሼ" አልኋቸው። "ሰው አይሽረውም።"

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው። የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።