ያልተቆጠሩ እናቶች

ለተከበርከው ወንድሜ ለከሊፋ፣ ለአባ ቢሊሱማ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ሥራው እንዴት ነው? የጂዳ ሙቀትስ? ወገብህ ተሻለህ? እኛ ከሐሳብ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል። ውርጩ ስለበረታ ጠዋት ክፍል ገብቼ ጠመኔ ለመጨበጥ ጣቴ እምቢ ይለኛል።

ይህን የምጽፍልህ በስልክ ስላላስጨረስከኝ ነው። አጎታችን ቶላ ከጮሌ ከተማ ደውለው ስለ ሚስትህ ስለ ከዲጃ «ደሟ የተበላሸ ሴት ናት፣ ፍታት» እንዳሉህ፣ አንተም እሺ እንዳልካቸው ነገርከኝና ዘጋኸብኝ። ስትቆጣ ጆሮህ እንደሚደፈን ከልጅነታችን አውቃለሁ። እባክህ ይህን እስከ መጨረሻው አንብበው።

የልጅህ የቢሊሱማ የዘረመል ምርመራ ውጤት መጥቷል። የሚከታተላት ሐኪም ዶክተር አሰግድ ደሟን ውጭ አገር ልኮት ነበር። ወረቀቱ ላይ ያለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ተመራማሪዎች የብዙ ሰዎችን ዘረመል አንብበው የሚያከማቹባቸው፣ ማንም በነጻ የሚከፍታቸው ድረ ገጾች አሉ። እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሁ? ራሴው ልፈልገው ብዬ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ፊት ተጎለትኩ። ቁጥሩን ባስገባው «ጉዳት የለውም» የሚል ወጣ። ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። ደግነቱ ለከዲጃ ሳልነግራት ለሐኪሙ አሳየሁት። ለካ የሰው ዘረመል ካርታ የቆየና የታደሰ አለው። የልጃችን ቁጥር የተጻፈው በታደሰው ሆኖ ሳለ እኔ የፈለግኩት በቆየው ነው። ቀበሌ የቤት ቁጥር ከቀየረ በኋላ በድሮው ቁጥር የሄደ ሰው የማያውቀውን ደጅ እንደሚያንኳኳ ማለት ነው።

በትክክለኛው ካርታ ስንፈልገው በሌላ አገር ልጆች ላይ የተመዘገበ፣ ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ሆኖ አገኘነው። የኛ አካባቢ ሰው እዚያ እምብዛም ስላልተመዘገበ በአርሲ ስንት ቤት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን እንዳልተገኘለትም ዶክተሩ አልደበቀኝም። ልጅህ ከመሬት ስትነሳ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች ነው።

አሁን ዋናውን ስማኝ። ይህ ነገር ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ ልጅ አያሳምምም። ቢሊሱማ ላይ የተገኘው ሁለት ነው፤ አንዱ ከከዲጃ፣ አንዱ ከአንተ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ከአንድ የሩቅ አያት የወረሳችሁት ሊሆን ይችላል ብሎናል ዶክተሩ። እናታችን ስትሰማ «ሰባት ትውልድ ተቆጥሮ አይደል ወይ የተጋቡት?» አለች። እውነቷን ነው፣ ሽማግሌዎቹ ቆጥረዋል። የቆጠሩት ግን አባትን ከነአባቱ ነው። እናቶቹን ማን ቆጠራቸው? የእናታችን እናት የሮቤ አገር ልጅ ነበሩ፤ ከዲጃም የዚያው የሮቤ ልጅ ናት።

ወንድሜ፣ አልፈርድብህም። ሳታውቅ ያወረስከው ጥፋት አይደለም፣ የእሷም እንዲሁ። ከዲጃን ብትፈታት እንኳ በልጅህ ውስጥ ያለውን የአንተን ድርሻ ማን ይፈታዋል? ለአጎታችን አንተው ደውለህ «የኔም አለበት» በላቸው። የእኔን ቃል የሴት ወሬ ይሉታል።

አብረውህ ለሚኖሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እናታችን ሰኪና ዱዓዋ አይለይህም። ታናሻችን ለሊሴ እጅ ነስታለች። ቢሊሱማ ስልኩ በጮኸ ቁጥር «አባ ነው?» ትላለች።

ከዲጃ ሰላምታ አላከችም። የራሷን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ከታለች። የልጅቱን ግን አጥባ እዚሁ ሰቅላዋለች፤ አጎታችን ልጅ የአባት ናት ብለዋታልና።

እህትህ ሙቢና
አሰላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.