ከሻይ ባለመመለሳቸው በፎርፌ ስለተሸነፉት ሟች ባለቤቴ

ለተከበሩ የስኪዳም ቅዳሜ የጠረጴዛ ጦርነት ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት
ስኪዳም

ጉዳዩ፦ በባለቤቴ ላይ የተሰጠው የፎርፌ ውሳኔ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የሊቀመንበሩ የአቶ ረዘነ ጉልበት ደረጃ ለመውጣት የሚፈቅድላቸው፣ የጸሐፊው የአቶ ባዩ የደም ግፊትም ሐኪማቸውን የማያስቆጣ ሆኖ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ራይስዋይክ በደኅና አለሁ። ከባለቤቴ አርባ በኋላ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር፤ የእናንተ ደብዳቤ መጥቶ አነቃቃኝ፤ ለዚህም ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ የግልባጩ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። ማኅበሩ እዚህ ሆላንድ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወንዶች ቅዳሜ ከሰዓት በቡርትሃይሱ፣ ማለትም በሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ፣ የጀርባ ክፍል እየተሰበሰቡ፣ የጣት ቁመት በማይሞሉ የአሻንጉሊት ወታደሮች ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚዋጉበት ነው። በወጣትነታቸው በእውነተኛ ጥይት የተተኳኮሱ ሰዎች በመሆናቸው፣ የራሳቸውን ጦርነት ጠረጴዛ ላይ ላለማውጣት ተስማምተው የእንግሊዝንና የጀርመንን ተውሰዋል። እንዲህ ያለ ብልህ ስምምነት ለብዙ መንግሥታት አልተሳካላቸውም፤ ይህን የምለው ያለ ምንም ሽሙጥ ነው።

ባለቤቴ አቶ ዘአማኑኤል እንግሊዝን፣ አቶ ረዘነ ደግሞ ጀርመንን ይመሩ ነበር። የእንግሊዝ ወታደር ዓለም ቢገለበጥ ሻዩን ሳይጠጣ አይተኩስም የሚለው ቀልድ፣ ይህን ጨዋታ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ በየአገሩ የሚዘወተር ነው አሉ። ማኅበራችሁ ግን ቀልዱን ደንብ አድርጎታል። የእንግሊዝ አዛዥ በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ «ሻይ» ማለት ይችላል፤ ሲል ተኩስ ይቆማል፣ ሻይም በእውነት ተፈልቶ ጀርመኖች ጭምር ይጠጣሉ። ሻይ ያለው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ ጨዋታውን ካልቀጠለ ግን በፎርፌ ይሸነፋል።

ባለቤቴ በመጨረሻዋ ቅዳሜያቸው ወታደሮቻቸው ድልድይ ላይ ተከበው ሳለ «ሻይ» አሉ። ሻዩ ተጠጣ፤ አዳራሹ የሚዘጋበት ሰዓት ደረሰ፤ አቶ ባዩም ጠረጴዛውን እንዳለ በአንሶላ ሸፈኑት። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ አረፉ። ኮሚቴው በላከልኝ ደብዳቤ «አቶ ዘአማኑኤል በተወሰነው ጊዜ ከሻይ ስላልተመለሱ በፎርፌ ተሸንፈዋል፤ ጠረጴዛውም በወሩ መጨረሻ ይነሳል» ሲል አስታውቆኛል። ቅሬታዎቼን በትህትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የኮሚቴው አባላት አንድ እንኳ ሳትቀሩ ቀብር ላይ ተገኝታችኋል። አቶ ረዘነ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ፤ አቶ ባዩም በዝናብ ቆመው እስከ መጨረሻው አልቅሰዋል። ውለታችሁን እስክሞት አልረሳውም። ስለዚህ ባለቤቴ ለምን እንዳልተመለሱ ማኅበሩ መረጃ አልነበረውም ለማለት ይቸግረኛል።

ሁለተኛ፣ ደንባችሁ የእንግሊዝን ሻይ የስንፍና ሻይ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ፣ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት አንብቤያለሁ። እንግሊዞች በበረሃ ሲዋጉ የቤንዚን ቆርቆሮ ቆርጠው፣ አሸዋ ሞልተው፣ ቤንዚን አፍስሰውበት እያቀጣጠሉ ያፈሉ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ታንኮቻቸውን ከነውኃ ማፍያቸው መሥራት የጀመሩትም፣ ለሻይ ብለው ከታንክ የወረዱ ወታደሮች እየተመቱ ስላስቸገሩ ነው ይባላል። እዚሁ አገር፣ ናይሜኽን ከተማ ያለውን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ ቆመው ሻይ አፈሉ የሚለው ሐሜትም እስከ ዛሬ እንደሚያከራክር አይቻለሁ። ቀልዱን ተዉት አልልም፤ ባለቤቴም ይስቁበት ነበር። አንድ ቀን ግን ምሳ ላይ «እንግሊዝን የመረጥኩት ማረፍ የሚፈቀድለት ጦር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው» ብለውኛል። ያን ጊዜ ሰላጣውን አቀበልኳቸው።

ሦስተኛ፣ በዚያው ደብዳቤ የባለቤቴ ጦር «የውትድርና ልምድ ላለው አባል» እንዲተላለፍ ከተወሰነ በኋላ፣ እኔ «የማኅበሩ የሻይ ክፍል ኃላፊ» ሆኜ እንዳገለግል ተጋብዣለሁ። ላሰባችሁልኝ ክብር እጅ እነሳለሁ። የውትድርና ልምድ እንደሌለኝም አልክድም፤ ሆኖም ልምድ ካላችሁት መካከል ያን የጠረጴዛውን ድልድይ እስከ መጨረሻው የያዘ ሰው መኖሩን እስካሁን አልሰማሁም።

ሹመቱን የማልቀበልበትን ምክንያት ሳልናገር ብቀር ደስ ባለኝ። ባለቤቴ ስለ እውነተኛው ጦርነት ሊነግሩኝ በጀመሩ ቁጥር፣ እኔ «ቆይ ሻይ ልጣድ» ብዬ እነሳ ነበር። ስመለስ ስለ ልጆቹ ወይም ስለ ቤት ኪራዩ እናወራለን። ይህን ያደረግኩት አንድና ሁለት ጊዜ አይደለም፤ ትዳራችንን በሙሉ ነው። ቅዳሜ ጃኬታቸውን እየለበሱ «ይመኙ፣ ዛሬ እንኳ መጥተሽ እዪው» ሲሉኝም፣ «ከአሻንጉሊቶችህ ጋር ደኅና ዋል» ብዬ በሩን እዘጋለሁ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የሚናገሩበት ጠረጴዛ ያ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ጠረጴዛ ለሻይ እንድነሳ እባካችሁ አትጠይቁኝ። እስኪበቃኝ ተነስቻለሁ።

አራተኛ፣ ጀርመንን የሚመሩት፣ ደንቡን የሚተረጉሙትና የፎርፌውን ውሳኔ የፈረሙት ክቡር ሊቀመንበር አንድ ሰው ናቸው። ሦስት ኃላፊነት በዚያ ጉልበት እንዴት እንደሚሸከሙ ሳስብ እደነቃለሁ። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁሉም ቀድመው እየመጡ፣ አንሶላውን ሳይነኩ ከአጠገቡ ተቀምጠው እንደሚመለሱ፣ ከሌላ ሰው ጋርም አንድ ጨዋታ እንዳልጀመሩ ሰምቻለሁ። ጠረጴዛው ይነሳ ያሉት ማሸነፍ አምሯቸው እንዳልሆነ ይገባኛል። ሰው ዓይኑ የማይችለውን ነገር ከፊቱ ቢያስነሳ አይፈረድበትም። የሌላውን ሰው ሽንፈት ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ መገላገል ግን ለአንድ የጦር አዛዥ ትንሽ የሚቀል መንገድ ይመስለኛል።

በመሆኑም ክቡር ኮሚቴው ፎርፌውን እንዲያነሳ፣ ጠረጴዛው ጨዋታው እስኪያልቅ ባለበት እንዲቆይ፣ የባለቤቴም ወንበር ለእኔ እንዲፈቀድልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከራይስዋይክ በባቡር እመጣለሁ። ደንቡን አላውቀውም፤ መትረየሱን ከመድፉ ለመለየትም ትዕግሥታችሁን እፈልጋለሁ። እንደምሸነፍ እገምታለሁ፤ ጨዋታው በአንድ ከሰዓት ሊያልቅም ይችላል። አቶ ረዘነ እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። ድልድዩን መውሰድ ግድ ከሆነባቸው ይውሰዱት፤ ግን ከፊቴ ተቀምጠው፣ ዕድል የምትወስነውን ባለ ስድስት ፊት ጠጠር እንደ ሰው ጥለው ይውሰዱት። በመሃል ባለቤቴ ስለዚያ ስለ እውነተኛው ጦርነት የነገሯቸው ነገር ካለና መናገር ካሰኛቸውም፣ ከወንበሬ ሳልነሳ እሰማለሁ።

ኮሚቴው ሐዘንተኛን በውሳኔ ለማጽናናት ስላሳየው ትጋት፣ ደንብ ለሟችም ለቋሚም እኩል እንደሚሠራ ስላስተማረኝ፣ ደብዳቤውንም ባለቀለም ማኅተም ስላስጌጠልኝ ያለኝን ምስጋና እየደጋገምኩ፣ መልሳችሁን እንደ ወታደር ቆሜ፣ እንደ ባልቴት ደግሞ ተቀምጬ የምጠባበቅ

አክባሪያችሁ
ይመኙሻል
የእንግሊዝ ጦር ተጠባባቂ አዛዥ
ራይስዋይክ

ግልባጭ፦
ለቡርትሃይሱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለማኅበረሰባችን ወርኃዊ መጽሔት

ማሳሰቢያ፦ የእጅ ጽሑፌ ስለማይነበብ ይህን ደብዳቤ በኮምፒዩተር የጻፉልኝ የክቡር ሊቀመንበሩ ባለቤት፣ ወይዘሮ አበባይሽ ናቸው። አራተኛው ቅሬታ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው፤ እኔ ያደረግኩት ማለዘብ ብቻ ነው። ያልለዘበውን አቶ ረዘነ ዛሬ ማታ ቤታቸው ሲገቡ በቃል ያገኙታል።