«ሁለት ነን» ያልኩበት ቀጠሮ

ልጄ፣ ክፉ ደዌ ደጅሽን ይሳተው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ነው።

የክትባት ቀጠሮም በስንት መከራ አገኘሁ። መዝጋቢዋ በስልክ «ስንት ናችሁ?» ስትለኝ፣ አፌ ለምዶበት «ሁለት ነን» ብዬ የአባትሽንም ስም ሰጠኋት። «ከቀበርነው አራት ወር ሆኖታል» ብዬ ለማረም አፈርኩ።

ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ስደርስ ነርሷ «ባለቤትዎ እኮ ቀድመውዎት ተከትበው ሄዱ» አለችኝ። መቼም እሱ ጠብቆኝ አያውቅም፤ ብቻ ተሳስታ ነው ብዬ፣ ተከትቤ ተመለስኩ። ቤት ስገባ፣ ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት ሸሚዙ ወንበሩ ላይ ነበር፤ የግራ እጅጌው እስከ ትከሻ ተሰብስቧል።

ለሁለተኛው ዙር አብራችሁ ኑ ብለውኛል።

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ዓለሜ። እባክሽ፣ ናፍቆቱ ቢብስብሽም ወደ አባትሽ ስልክ አትደውዪ። ያነሳዋል ብዬ እፈራለሁ።