የገዳሪፉ ቤት የባሕር ዳሩን ቤት ስለ መብላቱ

ኢትዮጵያ ትቅደም!

ታኅሣሥ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአውራጃው የከተማ ቤት ጉዳይ አቤቱታ ሰሚ ኃላፊ
ባሕር ዳር

አመልካች፦ ሱሌማን አደም፣ ጀልባ ሠሪ፤ የወ/ሮ ሀጂራ የሱፍ ወኪል

ጉዳዩ፦ በውጭ አገር ውርስ ምክንያት የተወረሰ መኖሪያ ቤት እንዲመለስና የወራሽነት ማረጋገጫ እንዲሰጥ ስለ መጠየቅ

ጓድ ኃላፊ ሆይ፤

1. የእናቴ እህት ወ/ሮ ሀጂራ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ጣና ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ከአርባ ዓመት በላይ ኖረዋል። ወንድማቸው እንድሪስ የሱፍ በወጣትነታቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲነግዱ ኖሩና ባለፈው ሰኔ ልጅ ሳይተኩ ሞቱ። አንድ ቤት ትተዋል። የዚያው አገር ቃዲ የእህትየው ወራሽነት ተረጋግጦ እስከ ጥር መጨረሻ ካልደረሳቸው ቤቱ ወራሽ እንደሌለው እንደሚቆጠር ጽፈውልናል። አክስቴ ጉልበታቸው ስለ ከዳቸው ጉዳዩን እንድፈጽምላቸው እኔን ወከሉኝ።

2. የወራሽነቱንና የውክልናውን ወረቀት ይዤ ወደ ቀበሌያችን ሄድሁ። የጠየቅሁት አንድ ማኅተም ነበር። ጓድ ሊቀ መንበራችን «ቤት» ከምትለው ቃል ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እዚህስ ቤት አላቸው?» አሉኝ።

«የሚኖሩባት አለቻቸው» አልሁ።

«እዚያ አንድ፣ እዚህ አንድ። ሁለት ሆነ።»

የሂሳብ ችሎታቸውን ለመካድ አልደፈርሁም።

3. በማግስቱ ውሳኔው በጽሑፍ ደረሰን። ለአንድ ሰው ሁለት ቤት ስለማይፈቀድ አንዱ ትርፍ ነው፤ የገዳሪፉን ለመውረስ መንገዱ ስለ ራቀ የቅርቡ ተወርሷል ይላል። የትርፍ ቤቱ አዋጅ ሱዳን ድረስ መዝለቁን እስከዚያ ቀን አለማወቄ የንቃቴን ማነስ ስለሚያሳይ ግለ ሂስ አድርጌአለሁ።

4. ከዚያ ወዲህ የፊት ለፊቱ ክፍል የወጣቶች ማኅበር ጠረጴዛ ገብቶበታል። አክስቴ ወደ ኋለኛው ክፍል የሚገቡት በጠረጴዛው አጠገብ አልፈው ነው። ባለፈው ሐሙስ ፀሐይ ሊሞቁ ወጥተው ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ «ስብሰባ ላይ ነን» ተባሉ። አጀንዳው ብዙ ስለ ነበረ የቀትሩን ሶላት ዙህርን እዚያው ደጃፍ ላይ ሰገዱ። ለቤታቸው የኪራይ ውል እንዲፈርሙም ተጠርተዋል። «አከራዩ ማን ነው?» ብለው ጠይቀውኛል።

5. ተመልሼ ሊቀ መንበሩን፣ ማኅተም ሳይመታላቸው አክስቴ ገና ወራሽ ስላልሆኑ የገዳሪፉ ቤት የእሳቸው እንዴት ይባላል ብዬ ጠየቅሁ። «ወራሽነታቸው ስላልተረጋገጠ ማኅተም አንሰጥም፤ ቤቱ ግን የእሳቸው ነው» ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። ገብቶኛል ብዬ ወጣሁ። አልገባኝም።

6. እስከ ዛሬ ማንም ያልጠየቀንን ደግሞ ልናገር። አክስቴ ያን ቤት ለራሳቸው አልፈለጉትም። ወንድማቸውን በሕመማቸው ጊዜ ሦስት ዓመት ያስታመሟቸው ዘኪያ የሚባሉ ባልቴት የገዳሪፍ ጎረቤታቸው ናቸው። የተወከልሁትም ቤቱን ለእኒሁ ሴት እንዳስተላልፍላቸው ነው። ይህ በወረቀቱ ሦስተኛ መስመር ላይ በግልጽ ተጽፏል። ጓድ ሊቀ መንበሩ ግን ከሁለተኛው መስመር አላለፉም።

ስለዚህ ጠረጴዛው ወጥቶ ቤታቸው እንዲመለስላቸው፣ ማኅተሙም ጥር ሳያልቅ እንዲመታልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ይህን ስጽፍ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ስለ ቤታቸው ምን ልጨምር ብላቸው «እሱስ ይቅር» አሉኝ። «ያች ሴት ወንድሜን አስታማ፣ ከፍና፣ ቀብራልኛለች። እኔ አንድ ማኅተም ልልክላት አቅቶኝ ልሙት?»

ጥያቄያቸውን ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

ከአክብሮትና ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር

ሱሌማን አደም
(ፊርማ)