ለታቦት የተነጠፈው ግንድ በረቂቅ በጀቱ ላይ ድልድይ ሆኖ ስለመገኘቱ

ለወንድሜ ለባንተአምላክ፣

እንዴት ሰነበትክ ወንድሜ? የአዲስ አበባ ክረምት እንዴት ተቀበለህ? ያ ወገብህስ ተሻለው ወይስ ወንበር ላይ መዋሉ አባሰው? ሠናይት እንዴት ናት? ልጆቹ ፈተናቸውን በሰላም ጨረሱ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። እናታችን ከፋሲካ ወዲህ እኔ ዘንድ ደብረ ታቦር ናቸው። የሰኔን ጾም እንደ ድሮው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። "ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይቅመሱ ብሏል" ስላቸው "እሱ ይቅመስልኝ" ይላሉ። እህታችን ፍቅርተም ቀጋ አምባ ደኅና ናት፤ ገብሷ ተዘርቷል፣ የጤፉ ማሳም እየታረሰላት ነው። ልጇ ትዝታ ሰባተኛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያዋ ስለሆነ የሁላችንም ዓይን እሷ ላይ ነው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ሦስት ጊዜ ደውዬልሃለሁ። ሁለቱን ጊዜ "ስብሰባ ላይ ነኝ አያ፣ መልሼ ልደውል" አልከኝ፤ ሦስተኛውን አላነሳኸውም። የሥራ ባልደረባዬ ደረጄ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ ይህን ወረቀት በእጅህ እንዲያስቀምጥልህ፣ ለጥበቃም ሆነ ለሌላ ሰው ሰጥቶ እንዳይመለስ አደራ ብየዋለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው። ስታነብ ልትቆጣ ትችላለህ፤ እኔም ተቆጥቼ ነው የጻፍኩት።

ጉዳዩ የጥቁር ውኃ ድልድይ ነው። ያንን ወንዝ ላንተ አላስተዋውቅም፤ ቀጋ አምባን ከጤና ጣቢያው የሚለየው እሱ ነው። አምና ሐምሌ የመልካሙ ሚስት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወንዙ ዳር ደርሳ፣ ውኃው እስኪጎድል ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዝናብ ላይ ተኝታለች። እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም። ያን ጊዜ ሁላችንም "ለከርሞ ግን ድልድዩ አለ" ብለን ተጽናናን፤ ምክንያቱም በፌደራል መንግሥት በጀት ከሚሠሩት የገጠር ድልድዮች ዝርዝር ውስጥ ጥቁር ውኃ ሦስት ዓመት ወረፋ ይዞ ቆይቶ ዘንድሮ ተራው ደርሶ ነበር። የአፈሩ ጥናት አልቋል። ቀያሾቹ መጥተው ችካል ተክለዋል። ፍቅርተ ራሷ ጠላ አቅርባላቸዋለች።

ሰኔ 6 ቀን ለናንተ ለምክር ቤቱ የቀረበውን ረቂቅ በጀት ከነአባሪው አገኘሁና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ጥቁር ውኃ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዝርዝር የወጡ ፕሮጀክቶች የሚለው ሰንጠረዥ ላይ ነው ያለው፤ ምክንያቱም እንዲህ ይላል፦ "በሕዝብ ተሳትፎ ተገንብቶ ለአገልግሎት የበቃ።" ሌላ ጥቁር ውኃ ይኖር ይሆን ብዬ የወረዳውንና የቀበሌውን ስም እያመሳከርኩ ደግሜ አየሁት። የኛው ነው።

ባንተአምላክ፣ እዚያ ወንዝ ላይ የተገነባ ድልድይ አይተሃል? አይተሃል እንጂ! በጥምቀት ተሻግረህበታል። በየዓመቱ የአቦ ታቦት ወደ ማዶው ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ ካህናቱን ድንጋይ እንዳያዳልጣቸው ሕዝቡ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድሞ፣ ጭራሮና ጭቃ አልብሶ፣ ቄጤማ ይጎዘጉዝበታል። አባታችንም ሲያነጥፈው የኖረ ነው። የመጀመሪያው ደራሽ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ማንም አያዝንበትም፤ ለከርሞ ሌላ ይነጠፋል። ዘንድሮ ግን ፎቶ ተነሳ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሞላ የስድስት ወር ሪፖርት ሲጠየቅ እጁ ላይ ምንም አልነበረውም። ያንን ፎቶ ለጥፎ "አንድ ድልድይ በሕዝብ ተሳትፎ ተሠርቷል" ብሎ ላከ። ከላይ ያሉት ደግሞ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። ባለፈው ቅዳሜ ቀጋ አምባ ድረስ ሄጄ ያዝኩት። "ይሄ ድልድይ ነው ሞላ?" አልኩት። "ታቦት ተሻግሮበታል እኮ ጋሼ ይሻው!" አለኝ። "ከብትስ ይሻገርበታል?" ስለው ተቆጣኝ፤ "ታቦት ባለፈበት ከብት ይነዳል እንዴ!" አለኝ። "እሺ፣ አሁን የት አለ?" አልኩት። "ግንቦት ላይ ውኃ ወሰደው" አለ። "እንግዲያው ፈርሷል ብለህ ጻፋ" ብለው፣ "ፎርሙ ላይ የተሠራ የሚል ቦታ እንጂ የፈረሰ የሚል ቦታ የለውም" ብሎ ሳቀብኝ። የሱም ሚስት ትእዛዝ ነፍሰ ጡር ናት። "ትእዛዝን የት ልታዋልዳት ነው?" ብዬ ስጠይቀው ሳቁን አቆመ።

በሞላ ላይ ብቻ አልፈርድም። አንተም አለህበት። ጥር 12 ቀን ሕዝቡን ሰብስበህ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? "የቀጋ አምባ ሕዝብ የመንግሥትን እጅ ሳይጠብቅ በራሱ ጉልበት ድልድይ ሠርቷል፤ ለሌላው አርአያ ነው" አልክ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባ ታምራት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው "ይሄ ልጅ ግንድና ድልድይ መለየት የተወው መቼ ነው?" አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። ያ ንግግርህ ቃል በቃል ተጽፎ "የተከበሩ የምክር ቤት አባል በአካል ተገኝተው ያረጋገጡት" ተብሎ ከሪፖርቱ ጋር ተያይዟል። ቅጂውን አባሪ አድርጌልሃለሁ፤ ተመልከተው።

ሌላም አባሪ አለ፤ እሱ ደግሞ የሚያሳፍረው እኔን ነው። ያ ሪፖርት ወደ ላይ ሲሄድ እዚህ ዞኑ መሥሪያ ቤት በኔ ጠረጴዛ አልፏል። በሠላሳ አንደኛው ገጽ ግርጌ "ያመሳከረው ባለሙያ" የሚለው ፊርማ የኔ ነው። የስድስት ወሩ ሪፖርት የሚዘጋው ታኅሣሥ 30 ነው፤ ግንዱ የተነጠፈው በጥምቀት ዋዜማ፣ ጥር 10 ነው። ቀኑን ብቻ ባመሳክር ውሸቱ እዚያው ይያዝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሰውን ስሕተት በቀይ ስክሪብቶ ሳሰምር ኖሬ፣ ለተወለድኩበት አገር የመጣውን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። መቶ ገጽ ሪፖርት በሁለት ቀን አጣራ ተብዬ ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት እንጂ መልስ አይሆንም።

ስሕተቱን እንዳወቅሁ የማረሚያ ደብዳቤ ጽፌ፣ ስሜን አስፍሬ፣ ለአለቃዬ አቀረብኩ። ምን እንዳለኝ ልንገርህ። "አቶ ይሻው፣ በሕዝብ ተሳትፎ ዘንድሮ ተሸላሚ ነን እኮ! ዋንጫውን ልታስነጥቀን ነው?" አለኝ። "ዋንጫውን ወንዙ ላይ አጋድመውና ሰው ይሻገርበት" ብዬው ወጣሁ። ደብዳቤዬ እስከ ዛሬ መሳቢያው ውስጥ ነው። ከሱ መሳቢያ ቢወጣ እንኳ ከኛ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌደራል እስኪደርስ ሰኔ ያልቃል።

አሁን ደግሞ በጀት እንዴት እንደሚጸድቅ ላንተ ላስረዳ ነው፤ የምክር ቤት አባሉ አንተ፣ አስረጂው እኔ! በክረምቱ መግቢያ ወደ እናንተ የሚመጣው ወረቀት መንገዱን የጀመረው በበጋ ነው። መሥሪያ ቤቶች ከዚህ በላይ እንዳትጠይቁ ተብሎ ጣሪያ ይላክላቸዋል፤ ጥያቄያቸውን ጽፈው ይሟገታሉ፤ የሚቆረጠው ይቆረጣል። ግንቦት ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አይቶ ለናንተ ይመራዋል። ሚኒስትሩ መጥተው ያነባሉ፣ እናንተ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ትመሩታላችሁ፣ ኮሚቴው መሥሪያ ቤቶቹን ጠርቶ ይጠይቃል፣ ከዚያ እጅ ይወጣና አዋጅ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የቀጋ አምባ ሰው አንድ ጊዜም በአካል አይገኝም። በሪፖርት ነው የሚገኘው። ሪፖርቱ ድልድይ አለው ካለ፣ አለው ማለት ነው። የዚያን ሰው ዓይን ተክቶ "ኧረ የለም!" እንዲል የተመረጠ አንድ ሰው ቢኖር አንተ ነህ።

አምና በጀቱ ሲጸድቅ በቴሌቪዥን አይቼሃለሁ። እናታችን "ያ ልጄ ነው፣ ያ!" እያሉ ጣታቸውን ይቀስራሉ። እጅህን ስታወጣ ፊትህ የሚያየው ስልክህን ነበር። ያን ዕለት ለናታችን ብዬ ዝም አልኩ። ያን ወፍራም ሰነድ ለማንበብ ስንት ቀን እንደተሰጣችሁ አላውቅም፤ ጥቂት ከሆነ ግን እሱን ራሱን ተነሥተህ መናገር ነበረብህ። ያላነበቡትን ነገር እጅ አውጥቶ ማጽደቅና እኔ ሳላነብ የፈረምኩት ፊርማ አንድ ናቸው። ልዩነቱ እኔ የአንድ ገጽ፣ አንተ የአንድ አገር መሆኑ ነው።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ኮሚቴው መሥሪያ ቤቶቹን የሚጠይቀው ሰኞ ሰኔ 19 ነው። የኮሚቴው አባል አይደለሁም እንዳትለኝ፤ መግባትም መጠየቅም ትችላለህ። ባለፈው ቅዳሜ ያነሳሁት የባዶው ወንዝ ፎቶ አባሪ ሆኗል። የአፈር ጥናቱም አለ። ተነሥተህ "ይህ ድልድይ የለም፤ አለ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ" በል። ይህን ማለት ከብዶህ "መረጃው ይጣራልን" ብለህ ብትቀመጥ ምንም አላደረግክም። እስኪጣራ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ በጀት ዓመት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መልስ "ለከርሞ" ነው። ድልድዩ በዚህ ክረምት እንደማይደርስ አውቃለሁ። ዘንድሮ ከዝርዝሩ ከወጣ ግን በሚቀጥለውም ክረምት አይደርስም፤ አለ የተባለን ነገር ሥሩልን ብሎ መጠየቅ አዲስ ከመጠየቅ ይብሳል።

ለሠናይት አክብሮቴን ንገርልኝ፤ ለእናታችን የላከችው ነጠላ በጣም አምሮባቸዋል። ልጆቹን ሳምልኝ፤ ትልቁ ልጅህ በክረምት እዚህ መጥቶ ይሰንብት፣ ሂሳቡን እኔ አስጠናዋለሁ። ባለቤቴ ፈንታነሽ ቁጣዬን ስላየች "ለወንድምህ ነው የምትጽፈው፣ ቀለል አድርገው" ብላ ሰላምታዋን ልካልሃለች። ፍቅርተም ሰላም ብላሃለች፤ ድልድዩ መቅረቱን ገና አልነገርኳትም። ትዝታን ሐምሌ ሳይገባ እዚህ አመጣታለሁ፣ እኔው ቤት ሆና ትወልዳለች፤ ለሷ አትስጋ።

ደብዳቤውን ለናታችን አነበብኩላቸው። ስለ ቴሌቪዥኑ ያልኩት ላይ ስደርስ ዘልዬዋለሁ። ሰምተው ሲያበቁ "ትዝታስ የኛ ናት፤ የሌሎቹን ስም ለምን አልጻፍክለትም? ሲጠየቅ ምን ብሎ ይመልሳል?" አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ነገሩኝ፤ እኔም እንዳሉኝ ጻፍኩ። በዚህ ክረምት ቀጋ አምባ የሚወልዱት የሺመቤት፣ ስመኝ፣ እናትነሽ፣ ጥሩዬና ትእዛዝ ናቸው። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው።

ወንድምህ ይሻው
ደብረ ታቦር
ሰኔ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.