ሰባተኛ የተባለው ጉድጓድ

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ዓብዱ ሆራ
ቡልቡላ

አባባ፣ ሰላምታዬ ከናፍቆቴ ጋር ይድረስዎ። ለስግደት ሲያጎነብሱ የሚይዝዎት የወገብ ሕመም ለቀቅ አለዎት ወይ? የእናቴስ ጤና እንዴት ነው? የእህቴ የፋዲላ ልጅ ጥርስ አወጣች? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ።

«አዲሱን ውሃ እንጠጣ ወይስ አንጠጣ? ለሽማግሌዎቹ የማስነብበው ወረቀት ላክልኝ» ስላሉኝ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ጥር 6 ቀን ከሰባት ጉድጓዶች ናሙና ቀዳሁ። ጥር 21 ቀን የላቦራቶሪው ውጤት ደረሰኝ፤ በሰፈራችን አዲስ ጉድጓድ የተገኘው ፍሎራይድ በሊትር 6.8 ሚሊግራም ነው፤ የሚፈቀደው 1.5 ነው። የካቲት 4 ቀን እዚህ አዳማ፣ ቧንቧ የሚዘረጋለትን ጉድጓድ ለመምረጥ ሰባቱን በደረጃ የሚያስቀምጠው ኮሚቴ ተሰበሰበ። የካቲት 11 ቀን የደረጃው ሰንጠረዥ ወጣ። የእኛ ጉድጓድ አንደኛ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መመዘኛዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይነጻጸራሉ፤ ኮሚቴው የቱ በምን ያህል እንደሚበልጥ ይወስናል፤ በዚያ መሠረት ለእያንዳንዱ ክብደት ይወጣለታል። የሚያስብ ሰው ከያዘው ጥሩ ዘዴ ነው። እነዚህ ግን የውሃውን ብዛት፣ ጣዕሙንና ለአስፋልት ያለውን ቅርበት አስቀድመው ፍሎራይድን መጨረሻ አደረጉት። ጥርስ የሚያበልዝ፣ አጥንት የሚያጎብጥ ነገር ለመኪና ከመመቸት አነሰ። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደግሜ አየሁት፤ አንድም የቁጥር ስህተት የለበትም። ሒሳብ የተሰጠውን ድንቁርና በታማኝነት አባዝቶ ይመልሳል።

ሰብሳቢው አቶ ማናሴ ይባላሉ፤ ጉድጓዶቹን ያዩት በካርታ ላይ ብቻ ነው። «ፍሎራይድ ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው፤ ሕዝቡ የሚፈልገው ቧንቧ ነው» አሉ። ክብደቱ እንደገና ይታይ ብዬ ብጠይቅ፣ «ወንድሜ፣ በራስህ ጥርስ ተናደህ ነው እንዴ ስብሰባ የምትበጠብጠው?» ብለው ሳቁ። አባላቱም እሳቸውን ተከትለው ሳቁ፤ በእያንዳንዳቸው ፊት የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። እጄ ሳላዝዘው አፌን ከደነ፤ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ሲስቅ እንደሚያደርገው።

ስለዚህ መልሴ አትጠጡት ነው። ልብስ ይታጠብበት። ማፍላትም አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። ሰባተኛ የተባለው፣ ከጫምሳ እርሻ ጀርባ ያለው ጉድጓድ፣ 0.9 ብቻ ነው፤ የወደቀው ከአስፋልት ስለራቀ ነው። አህያ ጭናችሁ ከዚያ ቅዱ። በተለይ ለፋዲላ ልጅ ከሌላ ውሃ አንዲት ጠብታ እንዳትሰጧት። ደብዳቤውን ከነስሜ ያስነብቡ።

እናቴን ሃፍሳን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ፋዲላን ከነልጇ፣ ወንድሜን ጂብሪልን፣ ጎረቤታችንን እትዬ ዘርፉን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ኡበይደላ ዓብዱ
አዳማ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሽማግሌዎቹ «ልጅህ እዚያው አልነበረም ወይ?» ብለው ከጠየቁዎት አይሸሽጉ። ነበርኩ። ቃለ ጉባኤው ሲደርሰኝ ፈረምኩ። ተቃውሞዬን አላስመዘገብኩም።