ስልኬን የሚከፍተው አውራ ጣት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ስለ መዛወሩ

ለክቡር የስልክ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ ደንበኛ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞረው ማራገቢያዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ፣ ዕድሜ ለመደብርዎ፣ እግሬ ተፍታቷል፤ ለአምስት ወር በሳምንት ሦስት ቀን ስመላለስባችሁ ሐኪም ያዘዘልኝን የእግር መንገድ ጨርሼ ለመጪው ዓመትም ተርፎኛል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት፤ ጽሕፈት ቤት ስለምትሠራ «በታላቅ አክብሮት» የሚለውን ከራሷ ትጨምራለች፣ የቀረው የእኔ ነው። ሦስት ጊዜ በአካል መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለ ተባልኩ፣ በአደባባይ ቢነበብ ስብሰባው መሃል ይደርስዎት ይሆናል ብዬ ነው በግልጽ መጻፌ። አቤቱታዬም ከምስጋና ጋር የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምክራችሁ። ስትወድቅ የማትሰበር፣ ሳምንት ሙሉ ባትሪዋ የማያልቅ አሮጌ ስልክ ነበረችኝ። ሻጫችሁ «አባባ፣ ይቺማ ለሙዚየም ናት» ብሎ ሳቀባትና፣ ላልተማረ ሰው ምስጢር ቁጥር ከማስታወስ ጣት አስነክቶ የሚከፍተው ስልክ ይሻለዋል ብሎ መከረኝ። ፊደል አለመቁጠር ቁጥር አለማወቅ የመሰለው ስንት ፎቅ በሜትር ለክቼ እንዳቆምኩ ስላልጠየቀኝ ነው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ግንበኛ ነኝ። አርባ ስድስት ዓመት ድንጋይ ስጠርብና ሲሚንቶ በባዶ እጄ ስለስን የጣቴ መስመር ተበልቶ አልቋል፤ ጣቴ እንደ ወንዝ ጠጠር ልስልስ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መፍትሔያችሁ። ስልኩ አሥሩንም ጣቶቼን አንድ በአንድ ቀምሶ አላውቅህም አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ሻጩ ግንባሩን ጠረገና «ችግር የለም አባባ፣ ለጊዜው» ብሎ የራሱን አውራ ጣት አስመዘገበልኝ፤ ጣት እምቢ ሲል የሚጠየቀውን ምስጢር ቁጥርም ከራሱ ልብ አውጥቶ አስገባ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። በዕድሜዬ ብዙ ቤት ሠርቼ አስረክቤያለሁ፤ ቁልፉን በኪሴ ይዤ የሄድኩበት ቀን ግን የለም። ይህ አዲስ አሠራር ሳይገባኝ በመኖሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መስተንግዷችሁ። ስልኩን የገዛሁት ለእትዬ ስል ነው። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ አሁን የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው። እሷም እንደኔ አልተማረችም፤ ጎረቤቷ ከሥራ ሲገባ በእሱ ስልክ ድምፅዋን እየቀዳች ትልክልኛለች። እኔም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ መደብራችሁ መጥቼ፣ ሻጩ አውራ ጣቱን አስነክቶልኝ፣ የካርቶኑ ክምር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ እሰማታለሁ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ያለ ሹራብ ወጣህ አይደል?» ትለኛለች የሰባ አንድ ዓመቱን ሽማግሌ፣ መደብሩ በሙሉ ይስቃል። ሠራተኞቻችሁ ሁሉ ለምደዋት «እትዬ ዛሬ ምን አሉ?» ይሉኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሞኝ እንዳልባል ለማንም አልተነፈስኩም፤ ምራቴም የሰማችው አሁን ስትጽፍ ነው፤ ብዕሯን አስቀምጣ እየሳቀች ስለሆነ ትንሽ ይታገሱን።

አራተኛ፣ ሻጩ በዕድገት ተዛወረ። እንኳን ደስ ያለው፤ ታዛዥ ልጅ ነው። ጣቱም አብራው ተዛወረች። የት ቅርንጫፍ እንደሆነ ንገሩኝ አልኩ፤ አይነገርም ተባልኩ። ስልክ ቁጥሩን ስጡኝ አልኩ፤ «የሠራተኛ ቁጥር ምስጢር ነው፣ መመሪያ ነው» አለችኝ በእሱ ቦታ የተተካችው። እናንተው ደውላችሁ ምስጢር ቁጥሬን ጠይቁልኝ አልኩ፤ ለእሱም መመሪያ የለም። የእኔ ምስጢር በእናንተ ሠራተኛ ልብ ውስጥ ተቀምጦ፣ የእሱ ምስጢር ከእኔ በዘበኛ ይጠበቃል። «ከፈለጉ ውስጡን አጥፍተን እንደ አዲስ እንከፍትልዎታለን» ተባልኩ፤ ለቸርነታችሁ አመሰግናለሁ።

አሁን ቀልዱን ላቁም። ሻጩ ከሄደ ወዲህ ያልሰማኋቸው ዘጠኝ የእትዬ መልእክቶች ገብተዋል፤ ስልኩ መልእክት ገባ ብሎ በጮኸ ቁጥር ቆጥሬያለሁ። ዘጠነኛው በገባ በሦስተኛው ቀን እትዬን ስትሮክ መታት። ሄጄ አየኋት። ታውቀኛለች፣ ሹራቤን በደህናው እጇ ጎተት አድርጋ አየችልኝ፤ አንደበቷ ግን ተይዟል። ሐኪሙ ይፈታልም አይፈታምም አላለኝ። ጎረቤቷ የላከውን ስልኩ እንዳይሞላበት እየሰረዘ ኖሯል። እንግዲህ የእህቴ ድምፅ ያለው እናንተ እንደ አዲስ ልታደርጉት በፈለጋችሁት ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው። የምጠይቀው አንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ አራት ቁጥር ጠይቆ የሚዘጋ።

አምስተኛ፣ እናንተ በነፃ እንደ መከራችሁኝ እኔም አንባቢውን በነፃ ልምከር። ስልክ ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ጣታችሁን አስነኩት። ምስጢር ቁጥሩን ራሳችሁ ምረጡ፣ በራሳችሁ እጅ አስገቡ፣ ለአንድ የቤት ሰው ንገሩ፤ ማፈር እኔን የት እንዳደረሰኝ አይታችኋል። የምትወዱትን ሰው ድምፅ ሌላ ዕቃ ላይ ደግማችሁ አስቀምጡ። «ለጊዜው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ከመደብሩ ስትወጡ ጣቶቻችሁን ቁጠሩ።

ዕድሜና ጤና ከማያልቅ ስብሰባ ጋር እየተመኘሁ፣ ምራቴ እንደምትለው ደግሞ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣

በየቀኑ ወደ ቢሮዎ የሚወጡበትን የድንጋይ ደረጃ በእነዚህ በማይታወቁ ጣቶች የሠራሁት፣ የዋስትና ወረቀት ሳልሰጥ ሠላሳ ዓመት ያልተሰነጠቀልኝ፣
ግንበኛው ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ መጻፍ ስለማልችል በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ። ከታች የሚያዩት ጥቁር ክብ የፈሰሰ ቀለም አይደለም፣ እኔ ነኝ። መስመር ስለሌለው አንቀበልም ካላችሁ፣ የሻጫችሁን አውራ ጣት አስመጥታችሁ በላዩ አስፈርሙት፤ በእናንተ ዘንድ እኔ ማለት እሱ ነውና። ብቻ ሲመጣ፣ ቀለሙን ከመንካቱ በፊት ስልኬን ያስነኩልኝ።